ወደ ጉድጓድ ከመግባት በፊት፦ በውሃና ፍሳሽ ሥራ ላይ ሊከበሩ የሚገባቸው የደኅንነት ሥርዓቶች

ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ማግኘትና ፍሳሽን በአግባቡ ማስወገድ ለዜጎች ጤናና ለከተሞች ዕድገት መሠረት መሆኑ ይታወቃል። አገልግሎቱ ከነዋሪው ደጅ እስኪደርስ ድረስ ግን ጉድጓድ የሚቆፍሩ፣ ቧንቧ የሚቀብሩ፣ ፓምፕ የሚጠግኑ፣ ውሃን በክሎሪን የሚያክሙ፣ የተደፈነ የፍሳሽ መስመር የሚከፍቱና ማጠራቀሚያ ጉድጓድ የሚያጸዱ ሠራተኞች ይደክሙበታል። ሥራው በአብዛኛው ከመሬት በታች የሚከናወን በመሆኑ አደጋውም ከዐይን የተሰወረ ነው።

የዘርፉ አደጋዎች አብዛኛዎቹ ድንገተኛ ቢመስሉም መንስኤያቸው የታወቀ፣ መከላከያቸውም በእጅ ያለ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በውሃና ፍሳሽ ሥራ ላይ የሚያጋጥሙ ዋና ዋና አደጋዎችን፣ የሚከሰቱበትን ምክንያትና የመከላከያ ሥርዓቱን ማስረዳት፣ እንዲሁም ሕጉ የሚሰጠውን መብትና የሚጥለውን ግዴታ ማሳወቅ ነው።

አገልግሎት ፈላጊውን የሚመለከተው ለምንድን ነው?

የሥራ ላይ ደኅንነት ሲነሳ ብዙዎች ጉዳዩን የትላልቅ ድርጅቶችና የፋብሪካዎች ብቻ አድርገው ይመለከቱታል። በውሃና ፍሳሽ ዘርፍ ግን ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው። በግቢው የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አባወራ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ማጠራቀሚያ ጉድጓድ የሚያስጸዳ የቤት ባለቤት፣ ቧንቧ ለማስገባት ቦይ የሚያስቆፍር ነዋሪ፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የምድር ውስጥ የውሃ ገንዳ የሚያሳጥብ ኮሚቴ ሁሉም ለጊዜው አሠሪ ይሆናሉ። በድርጅት ውስጥ የደኅንነት ኃላፊ፣ የጋዝ መለኪያ መሣሪያና የሥራ ፈቃድ ሥርዓት ሊኖር ይችላል። በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ግን በአብዛኛው የሚገኘው አንድ የቀን ሠራተኛ፣ አንድ ገመድና አንድ ባልዲ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም ባንክ፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ዋተርኤይድ እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ባወጡት ሪፖርት፣ በታዳጊ አገሮች የሚገኙ የፍሳሽና ጽዳት ሠራተኞች ብዙዎቹ ያለ በቂ መከላከያና ያለ ሕጋዊ ከለላ ለሕይወታቸው በሚያሰጋ ሁኔታ እንደሚሠሩ አመልክተዋል። ስለዚህ አገልግሎት ፈላጊው ሥራውን የሚያሠራበት መንገድ የአንድን ሰው ሕይወት የሚወስን ሊሆን ይችላል።

በጉድጓድ ውስጥ ያለው አየር

በዘርፉ እጅግ አስጊ የሆነው አደጋ የሚገኘው በታፈኑ ሥፍራዎች ነው። የታፈነ ሥፍራ የሚባለው መግቢያና መውጫው ጠባብ የሆነ፣ አየር እንደ ልብ የማይዘዋወርበትና ለሰው መቆያ ተብሎ ያልተሠራ ቦታ ነው። የውሃ ጉድጓድ፣ የመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማንሆል፣ የምድር ውስጥ የውሃ ገንዳ እንዲሁም ጥልቅ የቫልቭ መቆጣጠሪያ ሣጥን በዚህ ውስጥ ይካተታሉ።

ሰው በተለምዶ የሚተነፍሰው አየር 20.9 በመቶ ያህል ኦክስጅን ይዟል። በሙያ ደኅንነት አሠራር መጠኑ ከ19.5 በመቶ በታች ከወረደ ሥፍራው ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ሊገባበት አይገባም። ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ሰው ራሱን ይስታል፤ ከ6 በመቶ በታች ሲወርድ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል። የኦክስጅን እጥረት ሽታም ሆነ ቀለም የለውም። ጉዳተኛው አስቀድሞ የመታፈን ስሜት ላይሰማው ስለሚችል መውጣት እንዳለበት ሳይረዳ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ከኦክስጅን እጥረት በተጨማሪ በታፈኑ ሥፍራዎች የሚከማቹ ዋና ዋና ጋዞች የሚከተሉት ናቸው፦

• ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፦ ከፍሳሽ መበስበስ የሚመነጭ፣ በአነስተኛ መጠን የተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ 100 ክፍል ገደማ ሲደርስ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ስለሆነም ሽታው ሲጠፋ አየሩ እንደ ጸዳ አድርጎ ማሰብ ለሞት የሚዳርግ ስሕተት ነው። መጠኑ ከዚህ በብዙ ሲጨምር ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ውስጥ ይጥላል።

• ሜቴን፦ ይህም ከፍሳሽ መበስበስ የሚገኝ ሲሆን ሽታ የለውም። በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በአንዲት የእሳት ብልጭታ ይፈነዳል።

• ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ በጉድጓድ ግርጌ ይከማቻል፤ ኦክስጅንንም ያፈናቅላል። ፍሳሽ በሌለበት ንጹሕ የውሃ ጉድጓድ ውስጥም ሊገኝ ይችላል።

• ካርቦን ሞኖክሳይድ፦ በቤንዚንና በናፍጣ ከሚሠሩ ሞተሮች የሚወጣ፣ ሽታና ቀለም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው።

የመጨረሻው ጋዝ በተለይ በውሃ ጉድጓድ ቁፋሮና ጽዳት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትኩረት ይሻል። ከላይ ሆኖ ውሃ የሚስብ ፓምፕ በተግባር ከ7 ሜትር ገደማ በላይ ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ውሃ መሳብ አይችልም፤ በከፍተኛ ቦታ ላይ በሚገኙ ከተሞች ደግሞ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ አቅሙ ከዚህም ያንሳል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሠራተኞች የቤንዚን ፓምፑን በገመድ ወደ ጉድጓዱ ያወርዱታል። ሞተሩ በጉድጓድ ውስጥ ሲነሳ ጭሱ መውጫ ስለማያገኝ፣ ከጠፋ በኋላም ቢሆን አየሩ እንደ ተመረዘ ይቆያል። በመሆኑም ማንኛውም በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ወደ ጉድጓድ ሊወርድ፣ ወይም በጉድጓድ አፍ አጠገብ ሊነሳ አይገባም። ጥልቅ ጉድጓድ በውሃ ውስጥ በሚሰምጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሊቀዳ፣ ጀነሬተሩም ርቆና ነፋሱ ጭሱን ከጉድጓዱ በሚያሸሽበት አቅጣጫ ሊቀመጥ ይገባል።

አንዱን ለማዳን ሌላው የሚሞትበት ምክንያት

በታፈኑ ሥፍራዎች የሚደርስ አደጋ ከሌሎች አደጋዎች የሚለይበት አሳዛኝ ገጽታ አለው። የመጀመሪያው ሰው ሲወድቅ ከላይ ያለው የሥራ ባልደረባ፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ሊያድነው ተከትሎ ይገባል፤ እርሱም በዚያው ይቀራል፤ ሦስተኛውም ይከተላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በታፈኑ ሥፍራዎች ከሚሞቱት ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ መሆናቸውን ገልጿል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ሰው የጣለው አየር አልተለወጠም። ሊያድን የሚገባው ሰው በድንጋጤና በሩጫ ላይ በመሆኑ ከወትሮው ፈጥኖና አብዝቶ ይተነፍሳል፤ መርዙም ፈጥኖ ይደርስበታል። በአፍና በአፍንጫ ላይ ጨርቅ ማሰር፣ እርጥብ ፎጣ መያዝ ወይም ተራ ማስክ ማድረግ ከእነዚህ ጋዞች አይከላከልም፤ የጎደለውንም ኦክስጅን አይተካም።

ሻማ ወይም ኩራዝ ወደ ጉድጓድ አውርዶ አየሩን መሞከርም አስተማማኝ መንገድ አይደለም። እሳቱ አለመጥፋቱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ሜቴን ካለ ደግሞ ራሱ ፍንዳታ ያስነሳል። የጉድጓድን አየር ደኅንነት ማረጋገጥ የሚቻለው ለዚሁ በተሠራ የጋዝ መለኪያ መሣሪያ ብቻ ነው።

ወደ ታፈነ ሥፍራ ከመግባት በፊት የሚፈጸሙ ተግባራት

የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት እንግባ?» ሳይሆን «መግባት የግድ ነውን?» የሚለው ነው። ማጠራቀሚያ ጉድጓድን በፍሳሽ ማንሻ ቦቴ ማስመጠጥ፣ የተደፈነ መስመርን ከላይ ሆኖ በግፊት ውሃ ወይም በረጅም ዘንግ መክፈት ሰው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያስችላል። ከሁሉ የተሻለው መከላከያ ይህ ነው። መግባት የግድ ሆኖ ሲገኝ በሠለጠነ ባለሙያ የሚከተሉት ተግባራት በቅደም ተከተል መፈጸም ይኖርባቸዋል፦

1. ኃላፊነት ያለው ሰው ሥራውን በጽሑፍ ይፈቅዳል፤ የሚገባው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይመዘገባል።

2. ወደ ሥፍራው ውሃ ወይም ፍሳሽ የሚያስገቡ መስመሮች ይዘጋሉ፤ ፓምፖች ከኤሌክትሪክ ይለያያሉ።

3. ክዳኑ ተከፍቶ በአየር ማስገቢያ ማሽን ንጹሕ አየር እስከ ግርጌ ድረስ እንዲደርስ ይደረጋል። ክዳንን ከፍቶ ለጥቂት ጊዜ መቆየት ብቻውን ከባድ ጋዞችን አያስወጣም።

4. አየሩ ከላይ፣ ከመካከልና ከግርጌ በመሣሪያ ይለካል። የረጋ ዝቃጭ ሲነካ በውስጡ የታመቀ ጋዝ በድንገት ስለሚለቀቅ ልኬቱ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አይቋረጥም።

5. የሚገባው ሰው ሙሉ የአካል መታጠቂያ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ቀበቶውም ከላይ ከተተከለ ባለ ሦስት እግር ማንሻ ጋር በገመድ ይያያዛል። ይህ ሲሆን ሠራተኛው ራሱን ቢስት ማንም ወደ ታች ሳይወርድ ጎትቶ ማውጣት ይቻላል።

6. ከጉድጓዱ አፍ የማይለይ፣ ከሚሠራው ሰው ጋር በንግግር ወይም በምልክት የሚገናኝ ጠባቂ ይመደባል። ጠባቂው በምንም ምክንያት ወደ ውስጥ አይገባም።

7. በሥፍራው አካባቢ ሲጋራ ማጨስ፣ እሳት ማንደድና ብልጭታ የሚፈጥሩ መሣሪያዎችን መጠቀም ይከለከላል።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካልተሟላ ሥራው ሊጀመር አይገባም።

የቦይና የጉድጓድ ቁፋሮ

አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1,500 ኪሎ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ይህ የአንድ አነስተኛ መኪና ክብደት ነው። የቦይ ግድግዳ ሲደረመስ ሠራተኛው ጭንቅላቱ ከአፈር በላይ ቢቀር እንኳ እስከ ደረቱ ከተቀበረ ሊተርፍ አይችል ይሆናል፤ አየር ባስወጣ ቁጥር አፈሩ ደረቱን ይበልጥ ስለሚያጠብቀው መልሶ ለመሳብ ይቸገራል።

በሰፊው በሚሠራበት የግንባታ ደኅንነት ልምድ መሠረት ከ1.5 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦይ ግድግዳው በእንጨት ወይም በብረት ሊደገፍ፣ አልያም አፉ ሰፍቶ ጎኑ ተዳፋት ሆኖ ሊቆፈር ይገባል። የአፈሩ ሁኔታ አስጊ ከሆነ ከዚህ ላነሰ ጥልቀትም ድጋፍ ያስፈልጋል። የተቆፈረው አፈር ከቦዩ ጠርዝ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይከመራል፤ ከባድ ተሽከርካሪም ወደ ጠርዙ አይቀርብም። ሠራተኛው በማንኛውም ጊዜ ሊደርስበት በሚችልበት ርቀት መሰላል ይቆማል።

በአዲስ አበባና በብዙ የደጋ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ይህ አፈር በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ያብጣል፣ ይላላልም። በበጋ ጠንካራ መስሎ የታየ ግድግዳ ከአንድ ሌሊት ዝናብ በኋላ ሊናድ ይችላል። ስለሆነም ቦዩ በየዕለቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ዝናብ በጣለ ቁጥር ሊመረመር ይገባል። በእጅ የሚቆፈር የውሃ ጉድጓድም ወደ ታች በጠለቀ መጠን ግድግዳው በኮንክሪት ቀለበት ወይም በሌላ አስተማማኝ ድጋፍ እየተያዘ ሊሄድ ይገባዋል።

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በሥፍራው የተቀበረ የኤሌክትሪክ፣ የስልክና የውሃ መስመር መኖር አለመኖሩን ከየተቋማቱ ማጣራትም የግድ ነው። ክፍት የቀረ ቦይ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለዐይነ ስውራን የሞት ወጥመድ ስለሚሆን በአጥር ሊከለልና በምሽት ሊታይ የሚችል ምልክት ሊደረግበት ይገባል።

ኤሌክትሪክና ፓምፕ

ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ሥፍራ ሲገናኙ አነስተኛ ቸልተኝነት ከፍተኛ ጉዳት ያስከትላል። ፓምፕ ከመነካቱ በፊት ኃይሉ ከዋናው ብሬከር ሊቋረጥ፣ ብሬከሩም በቁልፍ ተቆልፎ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሊለጠፍበት ይገባል። ቁልፉ የሚቀመጠው በሚሠራው ሰው እጅ ነው። ይህ ሥርዓት የወጣው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ ውሃ የጠፋበት ሌላ ሰው መብራቱ የጠፋ መስሎት ብሬከሩን መልሶ ሊያበራው ይችላል።

የመኖሪያ ቤት ፓምፖች የመሬት ማስተላለፊያ ሽቦ ሊኖራቸው፣ የተላጠና በፕላስተር የተጠገነ ገመድም ሊቀየር ይገባል። ጠላቂ ፓምፕ ከጉድጓድ የሚወጣው በማንጠልጠያ ገመዱ እንጂ በኤሌክትሪክ ሽቦው መሆን የለበትም። በጣሪያ ወይም በማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ለማጠብ ወይም ለመጠገን የሚወጣ ሰው ደግሞ በአቅራቢያው የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መስመር መኖሩን አስቀድሞ ሊያረጋግጥና የመውደቅ መከላከያ ቀበቶ ሊታጠቅ ይገባዋል።

ክሎሪን፦ ጠቃሚም ጎጂም

ክሎሪን በውሃ ውስጥ የሚገኙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ስለሚገድል እንደ ለገዳዲና ገፈርሳ ካሉ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ጀምሮ እስከ ቤት ውስጥ የውሃ ማከሚያ ድረስ በአገልግሎት ላይ ይውላል። ይሁንና በጋዝ መልክ ሲሆን ከአየር ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል የሚከብድ፣ ዐይንን፣ ጉሮሮንና ሳንባን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር ነው። በጣቢያዎች የሚሠሩ ባለሙያዎች ሲሊንደሮችን በደንብ በሚናፈስ ክፍል እንዲያስቀምጡ፣ ፍሰትን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ እንዲኖራቸውና የመተንፈሻ መሣሪያውን ከክሎሪን ክፍሉ ውጭ በቅርብ እንዲያኖሩ ይጠበቃል። መሣሪያው በክፍሉ ውስጥ ከተቀመጠ ጋዝ በሚፈስበት ጊዜ ማግኘት አይቻልም።

ገንዳና ጉድጓድ ለማከም የሚውለው የክሎሪን ዱቄት ከ65 እስከ 70 በመቶ የሚደርስ ክሎሪን ሊይዝ ይችላል። ሲበጠበጥ ዱቄቱ በብዙ ውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃው በዱቄቱ ላይ አይፈስም። ከነዳጅ፣ ከዘይት፣ ከአሲድና ከእርጥበት ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ከነዳጅና ከዘይት ጋር ሲነካካ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ይህ ማሳሰቢያ የቤት እመቤቶችንና የጽዳት ሠራተኞችንም ይመለከታል። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል። ሁለቱን በአንድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አከታትሎ ማፍሰስም ተመሳሳይ ውጤት አለው። በጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ይህ ጋዝ ለከፍተኛ የሳንባ ጉዳት ሊዳርግ ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያስከትል የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የሙያ ደኅንነትና ጤናን የሚመለከተውን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ባካሄደው ጉባኤ ደኅንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መርሆዎችና መብቶች አንዱ አድርጎታል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞች ስለ ሥራው አደገኛነትና ስለ ጥንቃቄው በቂ መመሪያ እንዲያገኙ የማድረግ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያዎችንና አልባሳትን የማቅረብና አጠቃቀማቸውን የማሳየት፣ የሚደርሱ አደጋዎችን የመመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ያስቀምጣል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጡትን መሣሪያዎች በአግባቡ እንዲጠቀም፣ ጉድለትና አደጋ ሊያስከትል የሚችል ሁኔታ ሲያይ እንዲያሳውቅና የደኅንነት መመሪያዎችን እንዲያከብር ያስገድዳል።

በአዋጁ መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖረውም ኃላፊ ይሆናል። የሕክምና ወጪን ከመሸፈን በተጨማሪ ለጊዜው መሥራት ላልቻለው ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከደመወዙ 75 በመቶ የማያንስ፣ በተከታዮቹ 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንስ ክፍያ ይፈጽማል። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ በመጣስ ወይም ሰክሮ በሥራ ላይ በመገኘት በራሱ ላይ ጉዳት ካደረሰ ግን የአሠሪው ኃላፊነት ሊቀር ይችላል። ለሕይወት አስጊ የሆነ ሁኔታ መኖሩን አሠሪው እያወቀ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል።

አዋጁ በአንቀጽ 89 ዕድሜያቸው 15 ዓመት የሞላና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወጣት ሠራተኞችን በተመለከተ ልዩ ጥበቃ ይሰጣል። በፍሳሽ ማስተላለፊያ ቦዮች ውስጥ መሥራትና መሿለኪያ መቆፈር ለእነዚህ ወጣቶች ከተከለከሉ ሥራዎች መካከል ናቸው። ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነ በጠባብ አፍ ይገባል በሚል ታዳጊ ወጣትን ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ማስገባት ከሰብዓዊነትም ከሕግም ውጭ ነው።

በቤቱ ሥራውን በራሱ ኃላፊነት ለሚሠራ ሰው የሚሰጥ ነዋሪ በአዋጁ ትርጉም አሠሪ ላይባል ይችላል። ይህ ማለት ግን ከኃላፊነት ነፃ ነው ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ጉዳቱን እንዲክስ ይደነግጋል። አደገኛነቱን እያወቀ ሰውን ያለ መከላከያ ወደ ጉድጓድ የሚያስገባ ሰው ይህን ሊያስብ ይገባዋል።

ከአገልግሎት ፈላጊው የሚጠበቁ ተግባራት

አገልግሎት ፈላጊዎች ሥራ ከማሠራታቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያረጋግጡ ይመከራል፦

• የማጠራቀሚያ ጉድጓድ ሲሞላ ለከተማው የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ተቋም ወይም ፈቃድ ላለው የፍሳሽ ማንሻ ድርጅት ማመልከት፤ በአዲስ አበባ የከተማው ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በ906 የስልክ መስመር መረጃ ይሰጣል፤

• ሥራውን የሚረከበው ሰው ወይም ድርጅት የጋዝ መለኪያ፣ አየር ማስገቢያ፣ ቀበቶና ማንሻ ያለው መሆኑን መጠየቅ፤

• ከአንድ በላይ ሠራተኛ መኖሩንና አንዱ ዘወትር ከላይ የሚጠብቅ መሆኑን ማየት፤

• ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ባለሙያው የሚጠይቀውን የደኅንነት ወጪ አለማስቀረት፤

• በግቢ ውስጥ ያሉ የጉድጓድ ክዳኖች ጠንካራና የተዘጉ መሆናቸውን መከታተል።

ከዚህም በላይ ነዋሪው በየዕለቱ የሚፈጽማቸው ተግባራት ሠራተኛው ወደ ጉድጓድ የሚገባበትን ጊዜ ያበዛሉ ወይም ይቀንሳሉ። ጨርቅ፣ ፌስታል፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ የሕፃናት ዳይፐርና የምግብ ዘይት ወደ መጸዳጃ ቤትና ወደ ፍሳሽ መስመር ሲጣሉ መስመሩ ይደፈናል፤ መስመሩ በተደፈነ ቁጥር አንድ ሰው ክዳን ከፍቶ ለመውረድ ይገደዳል። ምላጭ፣ መርፌና የተሰበረ ጠርሙስ ደግሞ የሠራተኛውን እጅ ይቆርጣሉ፤ በፍሳሽ ውስጥ የደረሰ ቁስል ለቴታነስና ለሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ያጋልጣል። ነዳጅና የተቃጠለ ዘይት ወደ መስመሩ ማፍሰስ እሳትና ፍንዳታ ሊያስከትል ይችላል። የዝናብ ውሃን ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት በክረምት መስመሩን ከአቅሙ በላይ ከመሙላቱም ሌላ በውስጡ በሚሠራ ሰው ላይ ድንገተኛ ጎርፍ ያስከትላል።

የማንሆል ክዳን ተሰርቆ ወይም ተሰብሮ ሲገኝም ሥፍራውን በሚታይ ነገር ከልሎ ወዲያውኑ ለሚመለከተው ተቋም ማሳወቅ ከእያንዳንዱ ነዋሪ የሚጠበቅ ተግባር ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ ጥገና እየተደረገ በመሆኑ ምክንያት ውሃ ሲቋረጥ ሠራተኞች የደኅንነት ሥርዓቱን ዘለው እንዲያፋጥኑ አለመጫን ተገቢ ነው።

አደጋ ቢደርስ ምን መደረግ አለበት?

ሰው በጉድጓድ ውስጥ ራሱን ሲስት ከላይ ያለው ሰው ሊያስታውሰው የሚገባው የመጀመሪያው ቁም ነገር ተከትሎ አለመግባት ነው። ቀጥሎም፦

1. እርዳታ መጥራት። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽንን በ939፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስን በ907 ማግኘት ይቻላል። በሌሎች ከተሞችና ወረዳዎች የአካባቢውን የአደጋ መከላከል ተቋም፣ ፖሊስና ጤና ጣቢያ ስልክ ከሥራው በፊት መያዝ ያስፈልጋል። ሲደወል ጉድጓዱ የፍሳሽ ወይም የውሃ መሆኑ፣ ጥልቀቱና በውስጡ ያሉ ሰዎች ብዛት ይገለጻል።

2. ጉዳተኛው በገመድ የታሰረ ከሆነ ከላይ ሆኖ መጎተት።

3. በአካባቢው ያለ ሞተርና እሳት ማጥፋት፤ አየር ማስገቢያ ካለ ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ መንፋት።

4. የተሰበሰበው ሰው ከጉድጓዱ አፍ እንዲርቅና ማንም እንዳይወርድ መከላከል።

5. ጉዳተኛው ከወጣ በኋላ ወደ ንጹሕ አየር ማሸሽ፤ የማይተነፍስ ከሆነ ሥልጠና ያለው ሰው የልብና የትንፋሽ ማነቃቂያ እርዳታ እንዲሰጠው ማድረግ። ቢነቃም እንኳ ወደ ሕክምና መወሰድ ይኖርበታል።

ቦይ ተንዶ ሰው ሲቀበር በኤክስካቫተር መቆፈር ጉዳተኛውን ሊጎዳና ተጨማሪ ናዳ ሊያስከትል ስለሚችል ግድግዳው ተደግፎ በጥንቃቄ በእጅ ሊቆፈር ይገባል። ክሎሪን ጋዝ ሲፈስ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫና ወደ ከፍታ ቦታ መሸሽ፣ ዐይንን የነካ ከሆነም ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ መታጠብና ፈጥኖ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በዚህ ዘርፍ የሚወሰድ ጥንቃቄ ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ሲወሰድ ነው። አየሩን ለመለካት ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ቦቴ መጠበቅ ደግሞ ምናልባት ቀናት ይወስድ ይሆናል። እነዚህ የጥበቃ ጊዜያት አገልግሎቱን የሚያጓትቱ መስለው ቢታዩም ሠራተኛው ምሽት ወደ ቤቱ እንዲመለስ የሚያስችሉ ናቸው። በመሆኑም አገልግሎት ፈላጊዎች፣ አሠሪዎችና ሠራተኞች እነዚህን ሥርዓቶች በማክበርና በማስከበር ረገድ የየበኩላቸውን ኃላፊነት እንዲወጡ መልእክቱ ይተላለፋል።